ርስት የተነፈጉት ያወረሱን ርስት

ሽማግሌ ሲናገር አይቸኩልም፤ ታግሣችሁ ስሙኝ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላልና እኔም ከሥሩ እነሣለሁ።

የቤተ እስራኤል አባቶቻችን በኢትዮጵያ፣ በደምቢያና በወገራ፣ በሰሜንና በቋራ፣ በላስታና በሽሬ ሲኖሩ ርስት አልነበራቸውም። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዓፄ ይስሐቅ ጊዜ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይያዝ፣ ያልተጠመቀ ይነቀል ተባለ፤ ነገሩ ሲወርድ ሲዋረድ ከእኛ ደርሷል። ብዙዎቹ መነቀሉን መረጡ። ከዚያ ወዲያ የሰው መሬት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸማ እየሸመኑ ኖሩ፤ ሴቶቹም ሸክላ እየሠሩ ገበያ አወጡ። ቀን ማረሻውን ያሠራ ሰው ማታ «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር። አባት ሲሞት ለልጁ የሚያካፍለው መሬት የለውም። ያለችው ኦሪት ናት። እርሷን አወረሰ፤ ልጁም ለልጁ አወረሰ፤ እንዲህ እያለች ከእኛ ደረሰች።

ዛሬ በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ ሆነናል። በናታኒያ፣ በረሆቦት፣ በአሽዶድ፣ በቂርያት ማላኪ፣ በቤር ሼቫ ሰፍረናል። ማሽካንታ (የቤት ብድር) ከፍለን ቤት ገዝተናል፤ ልጆቻችን ጸባ (ውትድርና) ጨርሰው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ጠበቃ፣ መኰንን ሆነዋል። ተመስገን ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ነኝና ደስ የማይል ጥያቄ እጠይቃለሁ። መሬት ያልነበራቸው ሰዎች ይህን ያህል ካወረሱ፣ ቤትና መሬት ያለን እኛ ምን እናወርሳለን? ካርታው ለልጅ በሕግ ይተላለፋል፤ ለዚህ ጠበቃ ይበቃል። ኦሪት ግን በደም አትወረስም። በአፍ ትነገራለች፣ በእጅ ትሠራለች፣ በጉልበት ይሰገድባታል፤ ልጅ የሚወርሳት ያን ጊዜ ነው።

አባቶች እንዴት እንዳወረሷት እስኪ እንመልከት።

መጀመሪያ ሰንበት አለች። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሥራ ሁሉ ያልቃል፤ ገላ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ንጹሕ ልብስ ይለበሳል፣ እሳቱ ይጠፋል። ለሰንበት የተጋገረው ዳቦ ጸሎት ቤት ይሄዳል፤ ቄሱ ይባርከዋል፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ከዚያው ይቆርሳል። ትእዛዘ ሰንበት የሚባለው መጽሐፋችን ስለ ሰንበት ክብር ብዙ ይናገራል፤ የገጠሩ ሕፃን ግን መጽሐፉን መች አነበበው? በወገራ ብርድ እሳት በሌለበት ቤት ተቀምጦ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ለምን አታነጂም?» ብሎ ጠየቀ፤ መልሱን ሰማ፤ ሰንበትን አወቀ። ብርዱ አስጠየቀው፣ እናቱ መለሰችለት። ትምህርቱ ይኸው ነበር። ዛሬ ቤታችን በመብራት ይሞቃል፤ ጥያቄ የሚያስነሣ ብርድ የለም። ስለዚህ ጥያቄው እንዲነሣ እኛው ሆን ብለን ማድረግ አለብን።

ሁለተኛው ሰባት ቤት መቁጠር ነው። ልጅ ለማጋባት ሲታሰብ ሽማግሎች ይቀመጣሉ፤ በእናት በኩልም በአባት በኩልም እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ሕጉ የተሠራው ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባ ነው፤ ነገር ግን ሌላም ጥቅም ነበረው። ሰባት አባቶቹን የሚቆጥር ልጅ ማን ከየት መንደር እንደ መጣ፣ ማን የት እንደ ተቀበረ፣ በክፉው ቀን፣ ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. በነበረው ረሃብ፣ ማን እንዳለቀና ማን እንደ ተረፈ አብሮ ያውቃል። የዘር ቈጠራው የታሪክ ትምህርት ቤት ነበር። እዚህ ስንመጣ መዝጋቢው የአያታችንን ስም የቤተሰብ ስም ብሎ መዘገበው፤ በትምህርት ቤትም ለልጁ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጠው። ልጁ የአያቱን ስም በመታወቂያው ተሸክሞ ይዞራል፤ ከአያቱ ወዲያ ማን እንዳለ ግን አያውቅም። አንዳንዱም አባቱ በትምህርት ቤቱ በር ሲታይ ያፍራል። «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ልጁን ለማሳነስ አላልኩትም። አባቱ ማን እንደሆነ ያልተነገረው ልጅ አጎት ቢፈልግ አይፈረድበትም ለማለት ነው።

ሦስተኛው ቄሱ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አባቶቻችን በጥንት ዘመን የአገውን ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ በጸሎታችን ውስጥ ዛሬም የአገው ቃል ይሰማል። በኋላ አማርኛና ትግርኛ ተኩት። ኦሪቷ የተጻፈችው ደግሞ በግዕዝ ነው፤ ግዕዝን ደግሞ ገበሬው አይሰማም። ታዲያ እንዴት ሆነ? ቄሱ በግዕዝ አነበበ፤ ወዲያው በሕዝቡ ቋንቋ ተረጎመ። የሕዝቡ ቋንቋ ሲለወጥ ትርጓሜው አብሮ ተለወጠ፤ ኦሪት ግን በቦታዋ ቆየች። በነህምያ መጽሐፍም የሚገኘው ይኸው ነው፤ ዕዝራ ሕጉን ሲያነብ ሌዋውያኑ ለሕዝቡ ያስረዱ ነበር፤ ሕዝቡም የሰማውን ስላስተዋለ ደስ አለው። ስለዚህ «ልጄ አማርኛ አይችልም፣ እንግዲህ ምን እነግረዋለሁ?» እያላችሁ የምታዝኑ ወላጆች፣ ኀዘናችሁን ቀንሱ። አማርኛውን ብታስተምሩት እሰየው፣ ሁለት ምላስ ያለው ልጅ ሀብታም ነው። ካልሆነላችሁም በተሰባበረ ዕብራይስጥ ንገሩት፤ ታላቅ እኅቱ ታስተርጉም፤ የጐረቤት ልጅ ያስተርጉም። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ነውና፣ ከነዕብራይስጡ ውደዱት። በቋንቋው አፍሮ ዝም ያለ አያት፣ ያልጠፋውን ራሱ አጠፋው።

ዝምታን ካነሣሁ አይቀር የሱዳንን ነገር ልናገር።

ኢየሩሳሌምን መናፈቅ ትናንት አልተጀመረም። በ1862 እ.ኤ.አ. አባ ማኅሪ ሕዝብ አስከትለው ወደ ቀይ ባሕር ተነሡ፤ ብዙው ሰው በረሃብና በበሽታ በመንገድ ቀረ፤ የተረፈው ተመለሰ። ጉዞው ከሸፈ፣ ናፍቆቱ ግን አልከሸፈም። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ የእነዚያው የልጅ ልጆች በሌሊት ከየመንደራቸው ወጥተው በእግር ወደ ሱዳን ወረዱ። በገዳሪፍ፣ በኡም ራኩባ መጠለያ ከረሙ። በመንገድና በመጠለያ ወደ 4 ሺህ የሚጠጋ ሰው አለቀ። ከዚያም ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. በሙሴ ዘመቻ ሺዎች ወደ እስራኤል ገቡ፤ በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ተጫነ። ለሞቱት በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ይታሰባሉ።

በሱዳን መጠለያ አይሁድ ነኝ ማለት ያስገድል ነበር። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት በዚያ ጊዜ ነፍስ አድኗል። ነገር ግን ያ ዝምታ ድንበሩን ተሻግሮ አብሮን መጣ፤ ቤታችን ውስጥም ተቀመጠ። ልጁን በአሸዋ የቀበረ አባት ለተረፈው ልጅ ስለ ወንድሙ አልነገረውም፤ ልጁን ላለማሳዘን ነበር። ሌላም ተረት አለ፤ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል»። በዝምታችን የቀረብን ግን ከደጃዝማችነት ይበልጣል። ልጆቻችን ራሳቸውን በአውሮፕላን የተሰበሰቡ ምስኪኖች ልጆች አድርገው አደጉ። በእግራቸው የሄዱ፣ አዋቂዎች፣ መንገድ የመሩ፣ ቀብረው የቀጠሉ ሰዎች ልጆች መሆናቸውን ማን ነገራቸው? ኦሪት ከግብፅ መውጣትን ለልጅህ ንገር ብላ ታዝዛለች። ይህ ትእዛዝ ያለ ጥርጥር የሱዳንንም መንገድ ይጨምራል። የሚያስለቅስ ከሆነም አብራችሁ አልቅሱ፤ አባቱ ሲያለቅስ ያየ ልጅ አባቱን አይንቅም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ወደ ቁስሉ።

የእስራኤል ዋና ራቢ የነበሩት ዖቫዲያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. ከዳን ነገድ የወጣን አይሁድ መሆናችንን መሰከሩ፤ በ1975 እ.ኤ.አ. መንግሥት የመመለስ ሕግ እንዲጠቅመን ወሰነ። ሆኖም ከገባን በኋላ ሊያገባ የሄደው ልጅ «ለማንኛውም በውኃ ግባ፣ ይጥራልህ» ተባለ። ለኦሪት ብለው ከርስት የተነቀሉ ሰዎች ልጆች እንደ አዲስ ገቢ ተቈጠሩ። በ1985 እ.ኤ.አ. አባቶችና እናቶች በኢየሩሳሌም በዋናው ራባኑት (የራቢዎች ጽሕፈት ቤት) ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው አቤት አሉ። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከእኛ የተወሰደው ደም ሲደፋ መኖሩ ተሰማ፤ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም»፤ እኔም ርሱት አልላችሁም። በደል ባለበት ዝም ማለት ትዕግሥት አይባልም፤ ወጣቶች ለመብታቸው ሲቆሙ እኔ ከኋላቸው ነኝ።

ግን አንድ ነገር እመክራለሁ። ልጅ ከአባቱ ቂም ብቻ አይውረስ። ስለ ቆዳው የሚሰደብበትን ቀን ብቻ የምናስታውሰው ከሆነ፣ ቤተ እስራኤል መሆን ማለት መበደል ማለት ብቻ ይመስለዋል። ከበደል ደግሞ ማንም ሰው መሸሽ ይፈልጋል። መጀመሪያ ምን እንዳለው ይወቅ፣ ከዚያ ምን እንደ ተነጠቀ ይወቅ። ሀብቱን የሚያውቅ ልጅ ሲሟገትም አንገቱን ቀና አድርጎ ነው፤ የሚሟገተው ለምን እንደሆነ ያውቃልና።

ለእናንተም ለወጣቶቹ ቃል አለኝ። ከእናንተ መካከል የሺቫ (የሃይማኖት ትምህርት ቤት) ገብታችሁ ታልሙድ የተማራችሁ አላችሁ። አባቶቻችን ታልሙድን አላወቁም፤ የሐኑካን መብራት አላበሩም። እናንተ ስታነቡና ስታበሩ ደስ ይለኛል፤ የእስራኤል ሀብት ሁሉ የእናንተም ነው። ነገር ግን አያታችሁ የጸለየችውን ጸሎት «ይህ ሕግ አይደለም» ስትሏት ተጠንቀቁ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆን። ሌሎቻችሁ ደግሞ ሃይማኖቱን ሁሉ ትታችሁ፣ ከቤታችሁ እንጀራውንና እስክስታውን ብቻ ይዛችሁ ቀርታችኋል። አልቈጣችሁም፤ እንጀራም መንገድ ነው። ግን ቤቱ የቆመው በእንጀራው ብቻ አልነበረም።

እናቶች የሚያውቁትን ልንገራችሁ። እንጀራ የምትጋግር እናት ቡኮውን አሟጣ አትጋግርም፤ ለሚቀጥለው እርሾ ታስቀራለች፣ ከፋሲካ ሳምንት በቀር። እርሾው ጥቂት ነው፤ ዱቄቱ አዲስ ነው፤ ውኃውም የምትኖርበት አገር ውኃ ነው። እርሾ ያልገባበት ሊጥ ቂጣ ይሆናል። ዱቄት ያልተጨመረበት እርሾም ይበላሽና ይደፋል። አዲሱን የሚፈሩ ሽማግሎችም፣ አሮጌውን የሚንቁ ወጣቶችም ከዚህ ይማሩ። አቶ ታምራት አማኑኤልን አስቡ። ገና ልጅ ሳሉ ፋይትሎቪች የተባሉ አይሁዳዊ ምሁር ወደ አውሮፓ ወሰዷቸው፤ በፓሪስና በፍሎረንስ ተማሩ። እዚያ ቀልጠው መቅረት ይችሉ ነበር። ተመልሰው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የወገኖቻቸውን ልጆች የሚያስተምረውን ትምህርት ቤት መሩ። ብዙ ተማሩ፣ ያስቀሩትን እርሾም አልደፉም።

ቀጥሎ ስለ ቄሶቻችን። ቄስ በአገር ቤት እንዲሁ አይገኝም ነበር። ልጁ ከአዋቂ ቄስ እግር ሥር ተቀምጦ ለዓመታት ጸሎቱን በቃሉ ይይዛል፣ ዲያቆን ሆኖ ያገለግላል፣ ጠባዩ ይታያል። ከቄሶቹም ጋር መነኮሳቱ ነበሩ፤ ምንኩስናውን ጀመሩ ከሚባሉት ከአባ ሰብራ ዘመን ጀምሮ በየገዳማቸው ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር። ክፉው ቀን መነኮሳቱን አመናመናቸው፤ የትምህርቱም ሰንሰለት በዚያው ሳሳ። እንግዲህ ሰንሰለት አንድ ጊዜ ሲሳሳ አይታችኋል። ዛሬ በአገር ቤት የተማሩት ሽማግሌ ቄሶች አንድ በአንድ እያለፉ ነው። ወጣቶች ቄስ ለመሆን ሲነሡ ደስ ይለኛል፤ ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። ጥምጥሙንና ጥላውን ለመያዝ አትቸኩሉ፤ ግዕዙን ያዙ፣ ዜማውን ያዙ፣ ትርጓሜውን ያዙ። እናንተም ታላላቅ ቄሶች፣ ዕውቀቱን በልባችሁ ቆልፋችሁ አትሂዱ። ከራቢዎችም ጋር፣ እርስ በርሳችሁም በክብር ጉዳይ ስትጨቃጨቁ ልጁ ሰምቶ ሁለታችሁንም ትቶ ይሄዳል። የቄስ ልጅ አንድ ጸሎት ሳያውቅ ካደገ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ማለት ይኸው ነው።

ማኅበሩንም ልውቀስ፤ የምወቅሰው ስለምወደው ነው። ለለቅሶ ስንጠራ አውቶቡስ ተከራይተን ከሰሜን እስከ ደቡብ እንነጉዳለን። ለሠርግ አዳራሹ አይበቃንም። ይህ መልካም ነው፤ ይህ ባይኖር ኖሮ ገና ድሮ በተበተንን። ነገር ግን ቄሱ ኦሪት ሊያስተምር ሲጠራ ወንበሩ ባዶ ነው። ከተዝካሩ ወጪ ጥቂቱ ለአንድ ተማሪ ቀለብ ቢውል ምን ይጎድላል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። አንድ ቄስ ብቻውን የሚሸከመውን ማኅበሩ ይካፈለው።

የስግድን በዓልም እንዲሁ ተመልከቱ። ስግድ ከአስተስርዮ (ዮም ኪፑር) በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል። በአገር ቤት፣ በጎንደር አጠገብ በአምቦበር፣ ሕዝቡ ጾሞ፣ ኦሪቷን አስቀድሞ ተራራ ይወጣ ነበር፤ ኃጢአቱን ተናዞ ቃል ኪዳኑን ያድስ ነበር። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሪቱ ሕግ የታወቀ በዓል ነው፤ በኢየሩሳሌም በአርሞን ሃናጺቭ ሺዎች ይሰበሰባሉ፤ ባለሥልጣናትም ይመጣሉ። ክብር ነው። ነገር ግን ወጣቱ ለፎቶግራፍ መጥቶ፣ ወዳጅ ጠይቆ፣ ምን እንደ ተነበበ ሳይሰማ ቢመለስ በዓሉ ስሙ ብቻ ይቀራል። የስግድ ትልቁ ነገር በፊቱ ያሉት 50 ቀናት ናቸው። በእነዚያ ቀናት በየከተማው፣ በየጸሎት ቤቱ፣ የነህምያን መጽሐፍ በዕብራይስጥም በአማርኛም እያነበብን ብንዘጋጅ፣ ልጁ ተራራውን ሲወጣ ለምን እንደሚወጣ ያውቃል።

እንግዲህ ምክሬን ላጥብበው። ብዙ ነገር አልጠይቃችሁም፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»።

ዓርብ ማታ ስልኩ ከማዕድ ይራቅ። ዳቦው ይባረክ። ልጅ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፣ ታላቅ አንድ ታሪክ ይመልስ። በየቤቱ አንድ ደብተር ይኑር፤ ሰባቱ ቤት በእናትም በአባትም ወገን ይጻፍበት፤ ከስሙ ጎን መንደሩ፣ ከመንደሩ ጎን በመንገድ የቀረው ዘመድ ይጻፍ። ልጁ ሊያነበው በሚችለው ፊደል ይጻፍ። እያንዳንዱ ቄስ አንድ ተማሪ ይያዝ፤ እያንዳንዱ ማኅበር አንድ ተማሪ ይቀልብ። በጎንደርና በአዲስ አበባ ገና ተራ የሚጠብቁ ዘመዶች ያሏችሁም ልጆቻችሁ በስልክ ያናግሯቸው፤ በኋላ ሲገናኙ እንግዳ እንዳይሆኑ።

ወጣቶች ሆይ፣ አያታችሁ በሕይወት ሳለች ጠይቋት። መልሷ ቢዘገይ ጠብቋት፤ ዛሬ ዝም ብትላችሁ በሚቀጥለው ዓርብ እንደገና ጠይቋት። በለቅሶዋ ቀን ድምጿን ለመቅዳት መሯሯጥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲጠይቅ «ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው» አትበሉት። አባቶቻችን ርስት ተነፍገው ኦሪትን ካወረሱን፣ እኛ ሁሉ ተሰጥቶን ባዶ እጅ ልናወርስ አይገባንም። በመጪው ዓርብ ጀምሩ።